ብቻውን የተረፈ ሰው ተርፏል ይባላል?



ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ ፊልም እናወራለን። ፊልም ስለማየት ያለውን ብይን ዑለሞቻችን ይንገሩን። እኛ የምናውቀው አንድ ሐቅ አለ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ከዒሻ በኋላ ብርዱ ሲበረታ፣ ብዙው ወጣት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስልኩ ላይ ዞምቢና ደም መጣጭ የሚራወጥበትን ፊልም ያያል። ካየነው አይቀር፣ ያየነው ነገር ምን እያለን እንደሆነ ብንመረምር ምን ይለናል?

ፊልሙ «ዘ ላስት ማን ኦን ኧርዝ» ይባላል፤ «በምድር ላይ የቀረው የመጨረሻው ሰው» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሮም ከተማ የተቀረጸ ፊልም ነው። ዋናውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ቪንሰንት ፕራይስ ነው። ታሪኩ አሜሪካዊው ደራሲ ሪቻርድ ማቲሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ካሳተመው ልቦለድ የተወሰደ ነው። ከዚሁ ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ2007 ዊል ስሚዝ የተጫወተበት «አይ አም ሌጀንድ» ተሠርቷል፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት እሱን ነው። የዞምቢ ፊልሞች አባት የሚባለው ጆርጅ ሮሜሮም እ.ኤ.አ. በ1968 ላወጣው ፊልም ሐሳቡን ያገኘው ከማቲሰን መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየስልካችን የሚዞሩት የወረርሽኝና የዞምቢ ፊልሞች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወረርሽኝ ዓለምን ጠርጎ ጨርሷል። የሞቱት ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ደም ይፈልጋሉ። ዶክተር ሮበርት ሞርጋን የሚባል ተመራማሪ ብቻውን ጤነኛ ሆኖ ቀርቷል። በሩ ላይ ነጭ ሽንኩርትና መስታወት ሰቅሏል። ቀን ቀን የሾለ እንጨት ይዞ ይወጣና የተኙትን ቤት ለቤት እየፈለገ ይገድላል፤ ሬሳቸውን መኪናው ላይ ጭኖ እሳት የሚነድበት ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይጥላል። ሲመሽ በሩን ዘግቶ ሙዚቃ ይከፍታል፤ ውጭ ቆመው ስሙን እየጠሩ «ና ውጣ!» የሚሉትን ላለመስማት ነው። ከሚጠሩት አንዱ የድሮ ጓደኛውና የሥራ ባልደረባው ነው። ሞርጋን ግድግዳው ላይ ቀኑን እየሰረዘ ይቆጥራል። እንዲህ እየኖረ ሦስት ዓመት ሞላው።

ልጁና ሚስቱም በበሽታው ሞተውበታል። ልጁን የመንግሥት ሰዎች በጭነት መኪና ወስደው ጉድጓዱ ውስጥ ጣሏት፤ እየሮጠ ቢከተልም አልደረሰባትም። ሚስቱ ስትሞት ግን «እሷን አልሰጥም» ብሎ በድብቅ አፈር አለበሳት። እንግዲህ ፊልም ነውና፣ ሌሊት ተነሥታ በሩን አንኳኳች። ከዚያ በኋላ ሞርጋን ለማንም በር መክፈት ትቶ ሰው መግደል ሥራው ሆነ።

እስከዚህ ያለው የተለመደ አስፈሪ ፊልም ነው። ቁም ነገሩ የሚመጣው መጨረሻው ላይ ነው። አንድ ቀን ሩት የምትባል ሴት በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ ያገኛል። ሰው አገኘሁ ብሎ ተደስቶ ቤቱ ይወስዳታል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሩት በሽታው አለባት፤ በየጊዜው የምትወስደው መድኃኒት ስላለ ግን በሕይወት ትኖራለች፣ ታስባለች፣ ቀን ትንቀሳቀሳለች። እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው፤ ተሰባስበው አዲስ ኑሮ እየመሠረቱ ነው። ሞርጋን ደግሞ የሞተውንና ያልሞተውን ሳይለይ እነዚህንም ሰዎች በተኙበት ሲገድል ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ «እኔ የመጨረሻው ሰው ነኝ፤ ውጭ ያለው አውሬ ነው» ሲል፣ እዚያ ቤት ልጆች ሌሊቱን ተቃቅፈው የሚፈሩት እሱን ነበር። በመጨረሻም መጥተው ገደሉት። እየሞተ ሳለ እንኳ የገረመው እሱን መፍራታቸው ነው።

ሱብሓነላህ! አንድ የጥንት የፈረንጅ ፊልም ይህን ያህል ቁም ነገር ይኖረዋል ብሎ ማን ይጠብቃል?

የዛሬው ጽሑፋችን ጭብጥ አንድ ነው። ከመከራ መትረፍ የአላህ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ዕዳ አለው። የተረፈ ሰው ለታመመው፣ ለሞተው፣ ለጎረቤቱ ዕዳ አለበት። በሩን ዘግቶ ዕዳውን የካደ ሰው ሥጋው ተርፎ ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን አልተረፈም።

ይህን የምንለው ከፊልም ተነሥተን ብቻ አይደለም። አገራችን ይህንን ፊልም በእውን አይታዋለች።

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በፈረንጆች ኅዳር 1918 መሆኑ ነው፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ይሉታል። በዋና ከተማዋ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል፤ እሳቸውም ያኔ አልጋ ወራሽ ሳሉ በጠና ታመው ከሞት ተርፈዋል። የከተማዋ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነሱም በበሽታው የሞቱ አሉ። ከበሽታው በላይ በሕዝቡ አእምሮ የቀረው ግን ቀባሪ መጥፋቱ ነው። በአንድ ቤት ሁሉም አልጋ ላይ ሲወድቅ፣ የሞተውን ማን ያንሣው? ጉድጓድ ማን ይቆፍር? በጥልቀት ሳይቀበር የቀረውን ጅብ ያወጣው ነበር። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ሲደርስ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል፣ ጭሱ ሰማይ ሲደርስ የምናየው የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ብዙው ወጣት ጭሱን ያውቀዋል፤ ጭሱ የማን ልቅሶ እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

እንግዲህ አስቡት። በፊልሙ ሞርጋን የልጁን ሬሳ ለማስጣል እየሮጠ ሲከተል ያስለቀሰን ነገር፣ በእኛው አገር የብዙ ሺህ ቤት እውነት ነበር። ታዲያ ያ ሕዝብ እንዴት አለፈው? በየመንደሩ ከበሽታው ያገገመው ተነሥቶ ውኃ ያቀበለ፣ ገንፎ ያገነፋ፣ አካፋ ያነሣ ስለነበር ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለው አባባላችን በባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም።

«ታዲያ በወረርሽኝ ጊዜ በር መዝጋት የሸሪዓችን ትምህርት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን በደንብ እንየው።

ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ገብቷል ወደተባለበት አገር እንዳንገባ፣ ያለንበት አገር ከገባ ደግሞ ሸሽተን እንዳንወጣ አስተምረውናል። ይህ ትምህርት በተግባር የታየው በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ በሻም ምድር፣ በዐምዋስ ወረርሽኝ ጊዜ ነው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም እየሄዱ ሰርግ የምትባል ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኙን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፣ አንሷሮችን አማከሩ፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ፤ ከዚያ ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። የዑመር መልስ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሄደው የሚል ነበር። ኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ከነቢዩ የሰሙትን ሲናገሩ፣ ውሳኔው ከሐዲሱ ጋር ገጠመ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እስከዚህ እናውቀዋለን። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ አንናገረውም። አቡ ዑበይዳ ከሠራዊታቸው ተለይተው አልወጡም። የአገሬው ሰው በታመመበት አብረው ቆዩ፤ እዚያው ሞቱ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተሾሙት ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ.) በዚያው ወረርሽኝ አለፉ። በመጨረሻ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ሰዉን ወደ ተራራዎች በታተኑት፤ በሽታውም በረደ።

ልብ በሉ! በዚህ ታሪክ ውስጥ የተዘጋ በር አለ። ግን በሩ ሁለት ጎን አለው። ዑመር ከውጭ የቆሙት በሽታውን ወደ ሌላው ሕዝብ እንዳይዙ ነው። አቡ ዑበይዳ ከውስጥ የቀሩት በሽታውን ይዘው እንዳይወጡና ወገናቸውን ጥለው እንዳይሄዱ ነው። ሁለቱም በሩን የዘጉት ለሌላው ሰው ሲሉ ነው። ሞርጋን ግን በሩን የዘጋው ለራሱ ብቻ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ እጃችንን መታጠባችን፣ መራራቃችን፣ የዚያን ዓመት ረመዳን ተራዊሕን በየቤታችን መስገዳችን ሐቅ ነበር። ይህ የዑመር በር ነው። ጎረቤት ሲያስል ስሙን ከስልክ መሰረዝ፣ የታመመ ሰው ቤት ያለፈን ልጅ እንደ ውሻ ማባረር ደግሞ የሞርጋን በር ነው። አንዱን ከሌላው መለየት የእኛ ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንምጣ። ሞርጋን ያልታመመበት ምክንያት ፊልሙ ውስጥ ተነግሯል። ከዓመታት በፊት ፓናማ ውስጥ የሌሊት ወፍ ነክሳው ነበር፤ ደሙ በሽታውን እንዲቋቋም ያደረገው ያ ነው ብሎ ያምናል። ማለትም መድኃኒቱ በደም ሥሩ ውስጥ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ያ ደም ለሞርጋን ብቻ ጠቀመ። ለሩት ደሙን የሰጣት በመጨረሻዋ ሌሊት ነው፤ እሷም ዳነች። ግን መሸ። በሩ ሊሰበር ነው። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ብለን እንቆጫለን።

በእኛ አገር የተረፈ ሰው ያለበትን ዕዳ አባቶቻችን በፈንጣጣ ዘመን ያውቁት ነበር። ዘመናዊ ክትባት ከመምጣቱ በፊት በኢትዮጵያ ደጋ፣ ጎጃምን ጨምሮ፣ ፈንጣጣ ቀለል ብሎ ከወጣበት ሰው ቁስል ፈሳሽ ተወስዶ የጤነኛው ክንድ በስቶ ይደረግበት ነበር። አደገኛ ነበር፤ በዚሁ የሞተ አለ፣ በሽታውም በዚሁ የሚዛመትበት ጊዜ ነበር። የተሻለ ነገር ሲገኝ መተዉም ትክክል ነው። ሐሳቡ ግን እንደምን ያለ ነው! አንዱ ያለፈበትን መከራ ለሌላው ጋሻ ማድረግ። ፈንጣጣ የወጣለት ሰው ደግሞ ዳግመኛ ስለማይታመም፣ የታመመውን ለማስታመም የሚገባው እሱ ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳ «እኔ ልገባ እችላለሁ» የሚል ምልክት ነበር።

ዘመናዊው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ከታቾቹ ገደል ወጥተው ወንዝ ተሻግረው፣ መንገድ በሌለበት በእግርና በበቅሎ፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር እየገቡ ሠሩ። የአገራችን የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ በኩል ተገኘ። በአምስት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ መሆኑ ነው። ይህ የሆነው በር በመዝጋት አይደለም፤ በር በማንኳኳት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ለእኛ ለጎጃም ሙስሊሞች ቀረብ ይላል። በፊልሙ ሞርጋን ነጭ ሽንኩርት በሩ ላይ ሲሰቅል አይታችሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ? ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በደጋው አገር ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም «የቡዳ መከላከያ» ተብሎ ሲያዝ ኖሯል። ቡዳ ይባል የነበረው ማን ነው? ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ሰው ይበላል ይባል ነበር። በዱሮው ሥርዓት ሙስሊም አባቶቻችን የርስት መሬት ስላልነበራቸው ብዙዎቹ የኖሩት በሽመናና በንግድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቅ፣ የጁቤ በኩል የነበረው የባሶ ገበያ ከዐባይ ማዶ የመጣውን ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ሲያገናኝ ሙስሊም ነጋዴዎች በሰፊው ይነግዱበት ነበር። ጋቢውን ሸምኖ ያለበሰውን ሰው በልብሱ እየሞቁ በዓይኑ መፍራት ነበረ።

ይህን የምናነሣው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ያ ዘመን በብዛት አልፏል፤ ዛሬ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሐዘናችን ላይ ከእኛ ቀድመው ድንኳን የሚተክሉ ናቸው፤ እኛም በእነሱ ሐዘን ላይ እንዲሁ። የምናነሣው አንድ ነገር ለማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ በሩን ዘግቶ «ውጭ ያለው አውሬ ነው» የሚል፣ እና ሰው ሆኖ ሳለ አውሬ የሚባል። እኛ የሁለተኛውን ስሜት ከአያቶቻችን ሰምተን እናውቀዋለን። ይህን የሚያውቅ ወጣት ሌላውን ሰው፣ በዘሩም ይሁን በሃይማኖቱ፣ «እነዚያ ሰው አይደሉም» ሲባል ሰምቶ በስልኩ ሼር ማድረግ አይገባውም። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ሰው ሰውን አውሬ ለማድረግ አንድ ቪዲዮና አንድ ርዕስ ይበቃዋል። ክልላችን ባለበት በዚህ የጭንቅ ጊዜ ጉዳዩ የፊልም ጨዋታ አይደለም።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደን ነው። የሩትን ወገኖች አስታውሱ። በሽታው በደማቸው ውስጥ አለ፤ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ግን እንደማንኛውም ሰው ይኖራሉ። ሞርጋን «ሞተዋል» ብሎ ደምድሞባቸዋል። ይህ ማንን ያስታውሳችኋል?

እኛን ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸውን ወገኖቻችንን ያስታውሰናል። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ የነበሩትን ዓመታት ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ብርጭቆ ይለይ ነበር፣ ሳህን ይለይ ነበር፣ ቤት ያከራየ «ልቀቅልኝ» ይል ነበር። ሰው ቆሞ እየሄደ «ያ እኮ ሞቷል» ይባል ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ተጀመረ። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ፣ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ የወረደ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይነግዳል፣ ሰፍ ላይ አጠገባችን ቆሞ ይሰግዳል።

ታዲያ ለምንድን ነው እስከ አሁን መድኃኒቱን ከሰፈሩ ርቆ ሌላ ከተማ ሄዶ የሚወስድ ሰው ያለው? በሽታውን ፈርቶ አይደለም። እኛን ፈርቶ ነው። ልክ በፊልሙ ልጆቹ ሞርጋንን እንደሚፈሩት። በሰው ጉዳይ ላይ የምንሹክሸካት አንዲት ቃል፣ አንድን ሰው መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ ታደርገዋለች። የሾለ እንጨት ባንይዝም ምላስ ይዘናል።

ከዊል ስሚዙ ፊልም ጋር ያለውን ልዩነትም ልብ በሉ። በ2007ቱ ፊልም ሲኒማ ቤት የታየው መጨረሻ ጀግናው መድኃኒቱን አስረክቦ ራሱን የሚሠዋበት ነው። መጀመሪያ የተቀረጸው ግን ሌላ ነበር፤ አውሬ የተባለው ፍጡር የመጣው የተወሰደችበትን አጋሩን ለማስመለስ መሆኑን ጀግናው ተረድቶ የሚመልስበት ነው። ያ መጨረሻ ተቀየረ፤ ኋላ ለብቻው ወጣ። ለምን ተቀየረ ብለን ስናስብ፣ ሰው «አንተ ጀግና ነህ» መባልን ከ«አንተን የሚፈሩህ አሉ» መባል አስበልጦ የሚወድ ይመስለናል። የስድሳ ዓመቱ አሮጌ ፊልም ግን አላቆላመጠንም። ለዚህ ነው የመረጥነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ በከተማችን ላለው ወጣት አራት ነገር እናቅርብ።

አንደኛ፣ ጀናዛ ማጠብና መክፈን እንማር። ሰው ሲሞት ማጠብ፣ መክፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርዱ ኪፋያ ነው፤ ጥቂቶች ከሠሩት ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቅበታል። በብዙ ሰፈር ግን ይህን የሚያውቁት ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ሁለት አሮጊቶች ናቸው። እነሱ ራሳቸው ሲሞቱ ማን ያጥባቸዋል? ሙስሊሙ ጥቂት በሆነበት እንደ እኛ ባለ ከተማ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እህቶች ደግሞ የእናንተ ነገር ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሴትን የምታጥብ ሴት ናትና። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከአንድ ኡስታዝ ወይም ከአንዲት እናት ዘንድ ቁጭ ብሎ መማር ከአንድ ፊልም የበለጠ ጊዜ አይወስድም። በወረርሽኝ ምክንያት ማጠብ ካልተቻለ ተየሙም፣ እሱም ካልተቻለ እንዳለ መቅበር እንደሚፈቀድ ዑለሞች አስቀምጠውልናል። ይህን ዝርዝር የሚያውቅ ወጣት በክፉ ቀን አይደናገጥም።

ሁለተኛ፣ ዕድር እንግባ። ዕድር የአባቶች ነገር ብቻ አይደለም። ወንበር የሚያነሣ፣ ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያለው ማን ነው? እኛ ነን። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ዕድር ውስጥ አለ። ጎረቤት «አውሬ» የሚሆነው ስሙንና ሐዘኑን ስላላወቅን ነው። አብሮ ሬሳ የተሸከመ ሰው በቀላሉ አይጠላላም።

ሦስተኛ፣ በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎችን እንወቅ። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ሄደው ብቻቸውን የቀሩ እናት፣ ከዘመድ የተለየ ሽማግሌ፣ ከገጠር መጥቶ ተከራይቶ የሚማር ተማሪ። ስማቸውንና ቤታቸውን አንድ ወረቀት ላይ እንጻፍ። ጉንፋን በበዛበት ሰሞን «ደህና ነዎት?» ብሎ በር ማንኳኳት ምንም ወጪ የለውም። ሞርጋን በሩ ሲንኳኳ ይደነግጥ ነበር፤ በእኛ ሰፈር በር ሲንኳኳ ደስ የሚለው ሰው እንዲበዛ እናድርግ።

አራተኛ፣ ስለ በሽታ የምናወራውን እንጠንቀቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ሰፈራችን ስትመጣ እንርዳት። ክትባትን በሚመለከት በቴሌግራም የመጣን ሁሉ ከመላካችን በፊት የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። የታመመን ሰው ምስጢር ደግሞ አናውጣ። የሰው ምስጢር አማና ነው።

«እኛ ተማሪ ነን፣ ሥራ ፈላጊ ነን፣ ምን አቅም አለን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የዘረዘርነው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። እጅና ጊዜ ነው የሚጠይቀው። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ይስጥ፤ ጉልበት ያለው ጉልበቱን፤ ምንም የሌለው ምላሱን ይሰብስብ፤ እሱም ሰደቃ ነው።

በዐምዋስ፣ በኅዳር በሽታ፣ በፈንጣጣ፣ በኤድስ፣ በኮሮና ጊዜ ያለቀው አለቀ፤ የተረፈው ተረፈ። እኛ ዛሬ ይህን የምናነብ ሁሉ የተረፉ ሰዎች ልጆች ነን። አንድ ቅድመ አያታችን በሆነ ክፉ ቀን የሆነ ሰው ውኃ ስላቀበለው ነው እኛ የተወለድነው። ያ ውኃ ያቀበለ ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አናውቅም። ዕዳው ግን በእኛ ላይ አለ። አላህ ዕዳቸውን ከሚከፍሉት ያድርገን፤ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለሞቱብን ይዘንላቸው። አሚን።